ባይባርስ፦ ስለ ብርቁ የቱርክ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባይባርስ ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁለት የቱርክ ቃላት የተገጠመ የወንድ ስም ነው። «ባይ» ሀብታም፣ ባለጸጋ፣ ጌታ ማለት ነው፤ «ባርስ» ደግሞ ነብር። ብዙ ቦታ «ሀብታም ነብር» ተብሎ ተተርጉሞ ታገኙታላችሁ። ቃል በቃል ስሕተት የለበትም፤ ለዛው ግን ይጠፋል። አማርኛ ለዚህ ቃል የሚሆን ልክ አቻ አለው፤ «ጌታ» ነው። በእኛም ዘንድ ጌታ አዛዥም ነው፣ ሀብታምም ነው። «የጌታ ልጅ ነው» ሲባል ከሞላለት ቤት የተወለደ ነው ማለት እንደሆነ ማንም ይገባዋል። የቱርኩ «ባይ»ም ሀብትንና ጌትነትን በአንድ ቃል የያዘ ነው። ስለዚህ «ጌታው ነብር» ማለት ከሁሉም ይሻላል።

«የነብር ጌታ» ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው። ይህ ነብር ያለው፣ ነብር የሚያሳድር ሰው ያስመስላል። በስሙ ውስጥ ነብሩ ራሱ ሰውየው ነው፤ «ባይ» ደግሞ የነብሩ ቅጽል ነው።

እንዴት ነው የሚነበበውና የሚጻፈው?

«ባይ - ባርስ»፣ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ «ር» እና «ስ» በመካከላቸው አናባቢ ሳይገባ ይያያዛሉ፤ «ቁርስ» ስንል እንደምናደርገው። «ባይባሪስ» ብሎ ማንበብ የካዛክኛውን አነጋገር ይመስላል፤ እነሱ «ቤይባሪስ» ይሉታል። የመጀመሪያው «ባይ» ከአማርኛው «እኔ ነኝ ባይ» ጋር የድምፅ መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም።

በዐረብኛ በአምስት ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ ባ፣ ያ፣ ባ፣ ራ፣ ሲን። አናባቢው ስለማይጻፍ አንዱ «ባይባርስ»፣ ሌላው «ቤይባርስ»፣ ሌላው «ቢባርስ» ብሎ ያነበዋል፤ በአማርኛ ጽሑፎች ላይ የሚታየው ልዩነትም ምንጩ ይኸው ነው። ስሙን ለልጅ የሚያወጣ ሰው ከልደት የምስክር ወረቀት እስከ ፓስፖርት አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት አለበት። በላቲን ፊደል ሁለተኛዋ ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ «ኤ»፣ ሌላው ላይ «ኢ» ከሆነች መዝገብ ቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ሊያያቸው ይችላል።

የዐረብ ስም አይደለም እንዴ? የሙስሊም ስም ነው?

ዐረብኛ አይደለም። በዐረብኛ ሦስት መሠረታዊ ፊደላት ያሉት ሥር የለውም፤ ቁርኣን ውስጥም የለም። ካይሮና ደማስቆ ውስጥ ስለታወቀ ብቻ ብዙ ሰው ዐረብኛ ይመስለዋል። ስሙ የመጣው ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን ከተዘረጋው የኪፕቻክ ቱርኮች ሣር ሜዳ ነው። ሁለቱ ቃላት ቱርኮች እስልምናን ከመቀበላቸው በፊት የነበሩ ናቸው፤ የስሙ አሠራርም ከሃይማኖት ጋር አይያያዝም። ሙስሊሞች ይጠሩበታል፤ ትርጉሙ ግን እንደ «አብደላህ» ወይም እንደ «ኃይለ ማርያም» የእምነት ቃል የለበትም።

ባርስ በትክክል የትኛው እንስሳ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ መልሱ እንደ ዘመኑና እንደ ቦታው ይለያያልና። መሐሙድ አል-ካሽጋሪ በ1070ዎቹ ባግዳድ ውስጥ ባዘጋጀው የቱርክኛ መዝገበ ቃላት «ባርስ»ን በዐረብኛ «ፈህድ» ብሎ ፈታው፤ ይህ ዛሬ ለአቦሸማኔ የሚውል ቃል ነው። በዛሬው ካዛክኛ «ባሪስ» የተራራውን የበረዶ ነብር ይጠራል። እያንዳንዱ ዓመት በአንድ እንስሳ በሚጠራበት በዐሥራ ሁለቱ እንስሳት የዓመት አቆጣጠር ውስጥ ደግሞ ቻይናዎች ታይገር የሚሉትን፣ ባለ ሽንትሩን ትልቁን ነብር ይተካል። ያ ትልቅ ነብር ለቱርኮች የሩቅ አገር እንስሳ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ በአሙ ዳርያ፣ በሲር ዳርያና በኢሊ ወንዞች ዳር ባለው ሸምበቆ ውስጥ ይኖር ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሊደነግጥ አይገባም። የእኛም «ነብር» የአገራችንን ነጠብጣባማ አውሬ ይጠራል፤ በፊልምና በመጽሐፍ የምናየውን የእስያውን ባለ ሽንትርም ያንኑ «ነብር» እንለዋለን። «ባርስ»ም እንዲሁ ለትልልቆቹ የድመት ዘሮች የወል ስም ሆኖ ኖሯል። አንበሳ ግን የለበትም፤ ለአንበሳ ቱርኮች «አርስላን» የሚል የራሱ ቃል አላቸው።

ቃሉ ራሱ ወደ ቱርክኛ ከጥንታዊ የኢራን ቋንቋዎች የገባ ነው ይላሉ አብዛኞቹ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች። የፋርስኛው «ፓርስ»፣ የግሪኩ «ፓርዶስ»፣ በእንግሊዝኛው «ሌፐርድ» ጫፍ ላይ ያለው «ፐርድ» ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የዛሬው የቱርክ ቱርክኛ ነብርን «ፓርስ» ስለሚል፣ ኢስታንቡል ውስጥ ያገኛችሁት ሰው የ«ባይባርስ»ን ሁለተኛ ክፍል ወዲያው ባይለየው አይግረማችሁ።

ታዲያ ስሙ የሚወጣው በነብር ዓመት ለተወለደ ልጅ ነው?

ብዙ ጊዜ የሚነገር ግምት ነው፤ ሒሳቡ ግን ለታዋቂው ባለ ስም፣ ከ1260 እስከ 1277 ግብፅንና ሶርያን ለገዛው ለሱልጣን ባይባርስ፣ አይሠራም። ባርስ የዐሥራ ሁለቱ ዓመታት ሦስተኛ ነው፤ ከአይጥና ከበሬ ቀጥሎ ይመጣል። 2022 የባርስ ዓመት ነበር። ከዚያ በ12፣ በ12 ወደ ኋላ ሲቆጠር 1230 እና 1218 ላይ ይደረሳል። ሱልጣን ባይባርስ የተወለደው በ1223 ወይም በ1228 አካባቢ እንደሆነ ይጻፋል። የመጀመሪያው የበግ፣ ሁለተኛው የአይጥ ዓመት ነው።

ይህን ስሌት ለሌላ ሰው ስትሠሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ዓመቱ ጥር 1 ቀን አይገባም፤ እንደ አካባቢው በክረምታቸው ማብቂያ ወይም በመጋቢት አጋማሽ ማለፊያ ነው የሚገባው። በጥር ወር የተወለደ ሰው ያለፈው ዓመት እንስሳ ነው የሚደርሰው።

ስሙ ምን ያህል የቆየ ነው?

ሁለቱም ክፍሎች በቱርክኛ ከተጻፉት ከቀደሙት ትልልቅ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛሉ። ሞንጎሊያ ውስጥ በኦርኮን ወንዝ ሸለቆ በ732 በቆመው የኩል ቲጊን የድንጋይ ሐውልት ላይ የቱርኮቹ ንጉሠ ነገሥት (ካጋን) ቢልጌ ስለ ሕዝቡ ሲናገር ድሃውን «ባይ» አደረግሁት ይላል። በዚያው ድንጋይ ላይ «ባርስ ቤግ» የሚባል የኪርጊዝ ገዥ አለ፤ ቢልጌ የካጋንነት ማዕረግ እንደሰጠው፣ ታናሽ እኅቱንም እንደዳረለት፣ ኋላ ግን በድሎ እንደጠፋ ተቀርጿል። እንግዲህ «ባርስ» በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የወንድ ስም ነበር።

«ባይ» ከእንስሳ ስም በፊት ገብቶ ስም መሥራቱም የተለመደ ነው። ግብፅንና ሶርያን በገዙት በባሪያ ወታደሮቹ፣ በማምሉኮች ዘመን «ባይቡጋ» የሚባሉ አሚሮች ነበሩ፤ «ቡጋ» ኮርማ ነው። አሠራሩ ከባይባርስ ጋር አንድ ነው።

ይህን ያህል የታወቀ ስም ከሆነ ለምን ብርቅ ሆነ?

ዋናው ምክንያት ማምሉኮች ናቸው፤ ስሙን ያነገሡትም ሳይወረስ እንዲቀር ያደረጉትም እነሱ ናቸው። ማምሉክ ማለት በልጅነቱ በባርነት ተገዝቶ፣ ሰልጥኖ፣ ነጻ የወጣ ወታደር ነው። የቱርክ ስም የዚህ የወታደር ክፍል መታወቂያ ነበር። ልጆቻቸው ግን ነጻ ሆነው በከተማ ስለሚወለዱ አብዛኞቹ ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ ዓሊ የመሰሉ ስሞች ወጡላቸው። አዲስ ባይባርስ የሚመጣው ከአባት ሳይሆን ከሣር ሜዳው በሚገባው ቀጣይ ወጣት ነበር፤ ያ መንገድ ሲዘጋ በዐረቡ አገር ስሙ የታሪክ ስም ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በሕይወት ያለው ከሁሉ በላይ ካዛክስታን ውስጥ «ቤይባሪስ» በሚል መልክ ነው። ካዛኮች ሱልጣኑን የኪፕቻክ ወገናቸው አድርገው ይቆጥሩታል፤ ካይሮ ውስጥ በ1260ዎቹ ያሠራው መስጊድ በ2023 ታድሶ ሲከፈት ካዛክስታን በወጪው ተካፍላለች። በቱርክም ስሙ አለ፤ እንደ መህሜትና ሙስጠፋ ግን በየቤቱ አይገኝም።

ከባሪሽ፣ ከአይባርስ፣ ከባቡር ጋር አንድ ነው?

በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን የሚከታተል ሰው «ባሪሽ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እሱ ሌላ ነው፤ ትርጉሙ ሰላም፣ ዕርቅ ነው፤ መጨረሻውም «ሽ» እንጂ «ስ» አይደለም። «አይባርስ» የቅርብ ዘመድ ነው፤ «አይ» ጨረቃ ስለሆነ «የጨረቃ ነብር» ይሆናል። «አክባርስ» ነጭ ነብር ነው፤ ክንፍ ያለው ነጭ ነብር የታታርስታን ሪፐብሊክ ዓርማ ሲሆን የካዛን የበረዶ ሆኪ ቡድንም በዚሁ ይጠራል። የሕንዱን የሞጉል ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ባቡር ደግሞ ስሙ ብዙውን ጊዜ «ባብር» ከሚለው የፋርስ ቃል ጋር ይያያዛል፤ እሱም ነብር ነው። ትርጉማቸው ቢቀራረብም ቃላቸው የተለያየ ነው።

የሱልጣኑ ሙሉ ስም ለምን ይረዝማል? የቱ ነው የራሱ ስም?

አል-መሊክ አዝ-ዛሂር ሩክን አድ-ዲን ባይባርስ አል-ቡንዱቅዳሪ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲጣራ የሚለው «ባይባርስ» ብቻ ነው። ሌላው በሕይወቱ ሂደት የተደራረበ ነው፤ አንድ በአንድ ሲፈታ ታሪኩን ይናገራል።

«አል-ቡንዱቅዳሪ» የገዛውን ሰው ያሳያል። አይዳኪን የሚባል አሚር ነበር፤ ማዕረጉ «ቡንዱቅዳር»፣ የሱልጣኑን የጥይት ቀስት ያዥ። «ኢ» የምትለዋ የመጨረሻ ድምፅ «የእሱ የሆነ» ታሰኛለች። ከአይዳኪን እጅ ወደ ሱልጣን አስ-ሷሊሕ አዩብ ሲተላለፍ «አስ-ሷሊሒ» የሚለውም ተጨመረለት። ባይባርስ ከነገሠ በኋላ ይኸው የቀድሞ ጌታው አይዳኪን ከአሚሮቹ አንዱ ሆኖ አገለገለው፤ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ፤ በማምሉኮች ዘንድ የገዛህንና ያሳደገህን ሰው ስም መያዝ እንደ ዘር ሐረግ ይቆጠር ነበርና።

«ሩክን አድ-ዲን»፣ የሃይማኖት ምሰሶ፣ ከስሙ ጋር በልማድ የሚሄድ የክብር ስም ነው። በ1309 የነገሠው ሁለተኛው ባይባርስ፣ ማለትም አል-ጃሽናኪር፣ እና በ1325 የሞተው የታሪክ ጸሐፊው ባይባርስ አል-መንሱሪ ሁለቱም ሩክን አድ-ዲን ይባላሉ። ስለዚህ «ሩክን አድ-ዲን ባይባርስ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን የትኛው ሰው እንደሆነ አይለይም፤ የሚለየው ተከትሎ የሚመጣው ቅጽል ነው። ጃሽናኪር የሱልጣኑን ምግብ ቀድሞ የሚቀምስ ሹም ነው።

«አል-መሊክ አዝ-ዛሂር» የንግሥ ስም ነው፤ ራስ ተፈሪ ሲነግሡ ኃይለ ሥላሴ እንደተባሉት ማለት ነው። ባይባርስ በ1260 ሲነግሥ መጀመሪያ «አል-ቃሂር» ተብሎ ነበር፤ በዚህ ስም የነገሠ ሁሉ አልቀናውም ሲሉት ለወጠው። የአባት ስም ፈላጊ አንባቢ ደግሞ አንዳንድ ቦታ «ኢብን አብደላህ» የሚል ያገኛል። ይህ የአባቱ መጠሪያ ነው ብላችሁ አትመዝግቡት፤ «የአላህ ባሪያ ልጅ» ማለት ሲሆን ለማምሉኮች በጅምላ የሚሰጥ ነበር።

በድልድዮቹና በሳንቲሞቹ ላይ ያለው አውሬ ነብር ነው አንበሳ?

ባይባርስ በሳንቲሞቹ ላይ የሚራመድ አውሬ ያስቀርጽ ነበር፤ ከስሙ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። በጣም ጥርት ብሎ የሚታየው ልዳ ከተማ፣ በዛሬዋ ሎድ፣ በ1273 ባሠራው ድልድይ ላይ ነው። የእኛ ሰው ልዳን የሚያውቃት በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ዛሬም ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ይኖሩባታል። ከዐረብኛው ጽሑፍ በግራና በቀኝ ሁለት አውሬዎች ፊት ለፊት ቆመው የፊት እግራቸውን አንሥተዋል፤ ከእግራቸው ሥር አይጥ የምታህል ፍጥረት አለች። በኢየሩሳሌም የአንበሶች በር ላይ ያሉት አራቱ አውሬዎችም ከባይባርስ ሕንፃ ተወስደው እንደተተከሉ ይታመናል፤ በሩ ራሱ ግን የኦቶማኑ ሱለይማን ሥራ ነው።

የአካባቢው ሰው አንበሳ ይላቸዋል፤ ካይሮ የነበረውም ድልድይ «የአውሬዎች ድልድይ» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ጎፈር እንደሌላቸው አስተውሎ ስሙንም ለሚያውቅ ግን ባርስ መሆናቸውን መቀበል ይቀላል፤ ማንበብ ለማይችል ወታደርና ነጋዴ ቅርጹ ራሱ የሱልጣኑ ፊርማ ነበር።

«ባይ» ነው ወይስ «ቤይ»? ልዩነቱስ ለውጥ ያመጣል?

በድምፅ ተቀራራቢ፣ በምንጭ የተለያዩ ሁለት ቃላት ናቸው። «ባይ» ሀብታም ነው፤ በካዛክኛና በኪርጊዝኛ አሁንም እንደዚያው ነው፤ «ናዛርባዬቭ» በሚለው የቤተሰብ ስም መካከል የምትሰሙትም ይኸው ነው። «ቤይ» ደግሞ ከጥንቱ «ቤግ» የመጣ የሹመት ስም ነው፤ ከላይ ያየነው የባርስ ቤግ «ቤግ» ማለት ነው። ማደናገሩን የጨመረው ዘመናዊው ቱርክ ነው። በ1934 «ቤይ»ን የመሳሰሉ የማዕረግ መጠሪያዎች በሕግ ሲቀሩ «ባይ» በ«አቶ» ቦታ ገባ፤ ኢስታንቡል ውስጥ የወንዶች መጸዳጃ በር ላይ የሚለጠፈውም እሱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ባይባርስን «አቶ ነብር» ብሎ የሚፈታ አለ፤ ይህ 700 ዓመት ያህል የዘገየ ትርጉም ነው።

በዐረብኛ አጻጻፉ «ባይ»ም «ቤይ»ም ማንበብ ስለሚቻል ሁለቱንም የሚደግፉ አሉ። ሚዛን የሚደፋው «ባይ» ይመስለናል። «ቤግ» ሹመት ስለሆነ እንደ «ባርስ ቤግ» ከስም በኋላ ይከተላል፤ ከእንስሳ ስም በፊት ቅጽል ሆኖ የሚገባው «ባይ» ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ላይ ባይባርስና ባርስባይ የሚባሉት አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም፤ በመካከላቸው ከ140 ዓመት በላይ አለ። ስሞቹ አንድ ዓይነት ሁለት ክፍል ተገልብጠው የተሠሩ ስለሆኑ ግን ሲምታቱ ይታያል። «ባይ» መጨረሻ ላይ ሲመጣ እንደ ማዕረግ ይሆናል፤ ሱልጣን ቃይትባይና የመጨረሻው የማምሉክ ሱልጣን ቱማንባይ በዚሁ መልክ የተሠሩ ስሞች አሏቸው። በዐረብኛ ጽሑፍ ላይ በቀላሉ ይለያሉ፤ በባርስባይ መጨረሻ ባለው «ባይ» ውስጥ «አሊፍ» ተጽፋ «ባ»ን ታስረዝማለች፣ በባይባርስ ላይ አሊፍ የለችም።

ባይባርስ (1260–1277) የአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ሰው ነው። ንጉሡ በ1274 ከእስክንድርያ መንበር አቡን እንዲላክላቸው ጠይቀው በየመኑ ሱልጣን በኩል ደብዳቤ ጻፉለት። ባይባርስም የንጉሡ መልእክተኛ ራሱ ዘንድ እንዳልደረሰ ጠቅሶ መለሰ። ባርስባይ (1422–1438) ደግሞ በአፄ ይስሐቅ ዘመን የነገሠው፣ በአፄ ዘርአ ያዕቆብ መጀመሪያ ዘመንም በካይሮ ዙፋን ላይ የነበረው ነው። ስለዚህ «ሱልጣን ባይባርስ» ከአፄ ይስሐቅ ጋር ተጽፎ ካገኛችሁ ባርስባይ ብላችሁ አርሙት፤ ከይኩኖ አምላክ ጋር ባርስባይ ካገኛችሁም ገልብጡት።